ከካሜራው ጀርባ ማን ቆመ?

ሰርግና ምርቃት የሚያነሱ ልጆች ሰብሰብ ካሉ ወሬው ያው ነው፤ ሶኒ ይሻላል ካነን፣ ስንት ሜጋፒክስል፣ ሌንሱ ስንት ገባ። ወሬውን እወደዋለሁ፣ እኔም አብሬ አመሻለሁ። ቅር የሚለኝ ስለ ካሜራ ታሪክ ሲነሳም በዚያው መስፈርት መለካቱ ነው። የትኛው ጥርት አድርጎ አነሳ፣ የትኛው ፈጠነ፣ የትኛው ዛሬ በጨረታ ዋጋው ሰማይ ነካ። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት "ዓለምን የቀየሩ ካሜራዎች" ዝርዝሮችም አብዛኛዎቹ እንደዚያው ናቸው።

የኔ መለኪያ ሌላ ነው። አንድ ካሜራ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ፎቶ ማንሳት የማይታሰብለት ማን አነሳ? በዚህ ሚዛን ሲታይ ደረጃው ይገለባበጣል። ወርቅ የሚያወጡት ዝቅ ይላሉ፣ የካርቶን ሳጥን ደግሞ አንደኛ ይወጣል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳትጋቡ።)

ሲጀመር ነገሩ የባለሀብትና የኬሚስት ነበር። ኒሴፎር ኒየፕስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ጣሪያና ግድግዳ በብረት ሰሌዳ ላይ አስቀረ። ሸሪኩ ሉዊ ዳጌር ከሱ ሞት በኋላ ሌላ የተሻለ ዘዴ አገኘ፣ ያም በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሆነ። የፈረንሳይ መንግሥት ለዳጌርና ለኒየፕስ ልጅ የዕድሜ ልክ ጡረታ ቆረጠላቸውና ዘዴውን ለሕዝብ ለቀቀው። በዚያው ዓመት አልፎንስ ዢሩ የተባለ ነጋዴ የዳጌር ፊርማ ያለበትን የእንጨት ካሜራ መሸጥ ጀመረ።

አሠራሩን ስታነቡ ማን ሊሞክረው እንደሚችል ወዲያው ይገባችኋል። ብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል። በአዮዲን ይታጠናል። ካሜራው ውስጥ ገብቶ ለደቂቃዎች ብርሃን ይመታዋል። ከዚያ በጋለ ባዝቃ እንፋሎት ላይ ተይዞ ምስሉ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ባዝቃ መርዝ ነው፣ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆነው ነው የሚተነፍሱት። ይህን ሁሉ ለፍታችሁ የምታገኙት አንድ ፎቶ ነው፤ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ቅጂ የሚታተምበት የተገለበጠ ምስል፣ ስለሌለው ቅጂ አይወጣለትም።

ዳጌር በ1838 ከመስኮቱ ሆኖ ያነሳው የፓሪስ መንገድ አለ፣ ቡልቫር ዱ ታምፕል ይባላል። መንገዱ በዚያ ሰዓት በሰውና በጋሪ የተጨናነቀ ነበር፣ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ክፍት ስለቆየ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይቀረጽ አለፈ። የቀረው አንድ ሰው ነው። ለምን ቀረ ብትሉ፣ እግሩን አንስቶ ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር። ፎቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ ከሚባሉት ሰዎች አንዱ የሊስትሮ ደንበኛ ነው ማለት ነው፣ ሊስትሮውም ደብዘዝ ብሎ አብሮት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህን ፎቶ አለመውደድ ይከብዳል። ለኔ ከዳጌር ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

ካሜራ ወደኛ አገር ሲገባም ቢሆን መጀመሪያ የያዘው ሌላ ሰው ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። የዚያ ዘመን ዘዴ ደግሞ የመስታወት ሰሌዳ ነው። ኬሚካሉ ሳይደርቅ መነሳትና መታጠብ ስላለበት ጨለማ ድንኳን ከነመስታወቱና ከነጠርሙሱ አብሮ ይጓዛል። ከዘመቻው በኋላ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ እዚያም በዚያው ዓመት ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሳችው። እነዚያን ፎቶዎች ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ልጁ ወደ ሌንሱ እንኳን አያይም። አባቱን ቀብሮ፣ እናቱን መንገድ ላይ አጥቶ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች አልበም ቁጭ በል ተብሎ የተቀመጠ ሕፃን ነው። ፎቶው እንደ ሥራ ውብ ነው። ግን ማን አነሳው፣ ለማን ተነሳ የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን ትቼ ውበቱን ብቻ ማየት አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጆርጅ ኢስትማን ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ፣ የባንክ ጸሐፊ ነበር። ፎቶ ማንሳት ሲማር የዕቃው ብዛትና ክብደት አስመረረው፣ ማታ ማታ የእናቱ ማድ ቤት ውስጥ ሙከራ ሲያደርግ ያመሻል። በ1888 የመጀመሪያውን ኮዳክ አወጣ። ዋጋው 25 ዶላር፣ 100 ፎቶ የሚይዝ ፊልም ፋብሪካ ውስጥ ተጭኖበት ነው የሚሸጠው። ካሜራው መመልከቻ እንኳን የለውም። ከላይ የተሰመረችውን የ"ቪ" ምልክት አይታችሁ ወደምትፈልጉት ታዞራላችሁ፣ ክሩን ትስባላችሁ፣ ቁልፏን ትጫናላችሁ፣ ፊልሙን ለማሳለፍ ከላይ ያለውን ታጠነጥናላችሁ። በቃ። 100ው ሲያልቅ ካሜራውን እንዳለ ወደ ሮቸስተር በፖስታ ትልካላችሁ፣ በ10 ዶላር ፎቶው ታጥቦና ታትሞ፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለሳል። ማስታወቂያው "እርስዎ ቁልፏን ይጫኑ፣ የቀረውን ለኛ ይተዉ" ነበር የሚለው።

ልብ በሉ፣ ኢስትማን የሸጠው ሥራውን የመከፋፈል ሐሳብ ነው። ማንሳት ለብቻው፣ ማጠብ ለብቻው ሆነ። እኛ አገር ሠፈር ውስጥ ያደግንበት ፎቶ ቤት፣ ፊልም አስረክባችሁ ከቀናት በኋላ በፖስታ ውስጥ ከነኔጌቲቩ የምትቀበሉበት፣ ሥሩ እዚያ ነው። ጨለማ ክፍሉ ከቤት ወጣ። ኬሚካል የማያውቅ ሰው ፎቶ አንሺ መሆን ቻለ።

ግን 25 ዶላር በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የኔ አንደኛ ያ ካሜራ አይደለም። የኔ አንደኛ በ1900 የወጣው ብራውኒ ነው።

ብራውኒን በቅርበት ያየ ሰው ይገርመዋል፣ ምክንያቱም ምንም የለውም። ጥቁር ቆዳ መሳይ የለበሰ የካርቶን ሳጥን ነው። ፊት ለፊቱ አንድ ቀላል ሌንስ፣ ከላዩ መዝጊያውን የምታንቀሳቅስ ሽቦ፣ ከጎኑ ፊልም ማዞሪያ ቁልፍ። ፎከስ የለም፣ ፍጥነት መምረጥ የለም። ፀሐይ ካለና ሰውየው ትንሽ ራቅ ካለ ይወጣል። ዋጋው 1 ዶላር! ስድስት ፎቶ የሚያነሳው ፊልም ደግሞ 15 ሳንቲም። ኮዳክ በማስታወቂያው በግልጽ ለልጆች ነው ያለው፤ ስሙንም የወሰደው በዚያን ጊዜ ልጆች ከሚወዷቸው የሥዕል ገጸ ባሕርያት ነው።

ልጅ እጅ ላይ ካሜራ ሲገባ ምን ይሆናል? እስከዚያ ቀን ድረስ ፎቶ ማለት ስቱዲዮ ገብቶ፣ የክት ልብስ ለብሶ፣ ደርቆ ቀጥ ብሎ መቆም ነበር። ብራውኒ ሲመጣ ውሻው ተነሳ፣ ልብስ የምታሰጣው እናት ተነሳች፣ አፉን ከፍቶ የሚስቅ አባት ተነሳ። ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ምሳ፣ ድመት፣ የልደት ኬክ፣ የዚያ የአንድ ዶላር ሳጥን ልጅ ነው። በ1912 ታይታኒክ ስትሰምጥ የተረፉትን ከባሕር የታደገችው መርከብ ካርፓቲያ ላይ በርኒስ ፓልመር የምትባል የ17 ዓመት ካናዳዊት ልጅ ነበረች፣ ብራውኒዋን ይዛ። የተረፉት ሰዎች መርከቡ ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚታዩበትን ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። ምንም ያልተማረች፣ ለጉዞ የወጣች ልጅ። ኒው ዮርክ ስትደርስ አንድ የፎቶ ድርጅት ፎቶዎቿን በ10 ዶላር ገዛት፣ ይህ ያናድደኛል፣ ግን ታሪኩን የያዘችው እሷ መሆኗን ማንም አይወስድባትም።

በ1901 ቁጥር 2 ብራውኒ ሲወጣ አብሮት የመጣው 120 የሚባለው ፊልም እስከ ዛሬ ይመረታል። እንግዲህ ውድ ዕቃ ብቻ ይኖራል ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ።

ሁለተኛ የማስቀምጠው ላይካ ነው፣ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር እስማማለሁ። ኦስካር ባርናክ ጀርመን፣ ቬትስላር ውስጥ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ ነበር። አስም ነበረበት፣ ተራራ መውጣትና ፎቶ ማንሳት ደግሞ ይወድ ነበር፤ ከባዱን የሰሌዳ ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አልሆነለትም። ስለዚህ የሲኒማ ፊልም ወስዶ በጎን አሳለፈው። የሲኒማው አንድ ምስል 18 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ እሱ እጥፍ አድርጎ 24 በ36 አደረገው። ዛሬ ውድ ዲጂታል ካሜራ ስትገዙ "ፉል ፍሬም" ብለው የሚሸጡላችሁ ልክ ይኸው የባርናክ ልክ ነው! ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የሠራው ናሙና ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከርሞ፣ የፋብሪካው ባለቤት አገሩ በኢኮኖሚ ቀውስ ላይ እያለች ይመረት ብሎ ወሰነ፣ በ1925 ላይፕሲግ ባዛር ላይ ቀረበ።

ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ 36 ፎቶ በተከታታይ የሚያነሳ ካሜራ ሲመጣ ጋዜጠኛው ከሰው መሃል መግባት ቻለ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲየ ብሬሶን ላይካውን እንዳያብለጨልጭ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበት መንገድ ለመንገድ ይዞር ነበር። ፎቶ ጋዜጠኛው አልፍሬድ አይዘንሽታት በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፣ እሱም የላይካ ሰው ነው። ካነሳቸው ሁሉ የማይረሳው የአንድ ወታደር ባዶ እግር ነው። ፊት የለም፣ ጠመንጃ የለም፤ የተሰነጣጠቀ፣ ጭቃ የለበሰ እግር ብቻ ፎቶውን ሞልቶታል። በመስታወት ሰሌዳ ዘመን ይህን ለማንሳት ትራይፖድ ተክሎ፣ ሰውየውን "አትንቀሳቀስ" ብሎ፣ ጨርቅ ተከናንቦ ነበር። ላይካ የያዘ ሰው ግን ጎንበስ ይልና ያነሳል።

ላይካ ራሱ ግን ውድ ነው፣ እንደ ዛሬው። ወደ ድሀው ያደረሱት የኮረጁት ናቸው። ካርኪቭ፣ ዩክሬን ውስጥ በ1934 ወላጅ አልባ ልጆች የሚሠሩበት አንድ ማሠልጠኛ የላይካን ቅጂ ማምረት ጀመረ፣ ፌድ ይባላል። ሞስኮ አጠገብ ደግሞ ዞርኪ መጣ፣ ከዞርኪ አካል ላይ መስታወት ተጨምሮበት በ1952 ዘኒት ተወለደ። ዘኒትን ማን አያውቀውም! በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደው የተመለሱ ሰዎች ሻንጣ ውስጥ ነው ወደየቤቱ የገባው። አጎቴም ይዞ የመጣው እሱን ነው፣ ዘኒት ኢ፣ ከነሄሊዮስ ሌንሱ፣ ዛሬም ይሠራል።

ያንን ካሜራ መያዝ ለማያውቅ ሰው ልንገራችሁ። መጀመሪያ ክብደቱ፤ ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል አንገት ይጎትታል። ባትሪ የለውም። ከፊቱ ያለው የብርሃን መለኪያ በራሱ በብርሃኑ ነው የሚሠራው፣ መርፌዋ ስትንቀሳቀስ ክቡን አዙራችሁ ታገጣጥማላችሁና ቁጥሩን ታነባላችሁ። ፊልም ስትጭኑ ጀርባውን ከፍታችሁ የፊልሙን ምላስ ወደ ቀኙ ማጠንጠኛ ታስገባላችሁ፣ ጥርሶቹ የፊልሙን ቀዳዳ መያዛቸውን በአውራ ጣት እየዳሰሳችሁ ታረጋግጣላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ከዚያ ማንም የማይዘላት አንድ ነገር አለች፤ ማንሻውን ስትስቡ በግራ በኩል ያለው መጠቅለያ አብሮ ሲዞር ማየት አለባችሁ። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም፣ ሙሉ ሰርግ ባዶ ካሜራ ስትተኩሱ ትውላላችሁ። ከማንሳታችሁ በፊት የሌንሱን ቀዳዳ በቀለበቱ ስታጠብቡ መመልከቻው ይጨልማል፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሰውየውን ፊት አይታችሁ ትጫናላችሁ። ድምፁ ክፍሉን ያናውጣል። ላይካ በድብቅ ይሠራል፣ ዘኒት ያወጀ ነው። ግን ያው የባርናክ 24 በ36 ነው፣ ከቬትስላር ተነስቶ በካርኪቭና በሞስኮ ዞሮ ወደኛ ሳሎን የደረሰው።

ኒኮን ኤፍን ሳልጠቅስ ካለፍኩ ወዳጆቼ ይጣሉኛል። በ1959 የወጣ የጃፓን ካሜራ ነው። ሌንሱ፣ መመልከቻው፣ ሞተሩ፣ ሁሉም ይፈታል ይቀየራል፣ የቬትናምን ጦርነት ያነሱት ጋዜጠኞች ዋና ዕቃ እሱ ነበር። የጦርነት ፎቶ አንሺው ዶን ማኩሊን ካምቦዲያ ውስጥ ጥይት የመታው ኒኮኑን ነው፣ እሱ ተረፈ። ሐሰልብላድ የሚባለው የስዊድን ካሜራ ደግሞ ጨረቃ ላይ ወጣ። በታኅሣሥ 1968 አፖሎ 8 ላይ ቢል አንደርስ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ስትወጣ ያነሳት በሱ ነው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው። በኔ ሚዛን ግን የያዟቸው ሰዎች ቀድሞም ፎቶ የሚያነሱ፣ ወይም መንግሥት የላካቸው ናቸው። ስለዚህ እዚህ ብዙ አልቆይም።

ብዙ የምቆየው ፖላሮይድ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ፖላሮይድ ሚዛኔን ያስቸግረዋል። ኤድዊን ላንድ በ1948 ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያውን ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡ የመጣው ትንሽ ልጁ "ፎቶውን አሁኑኑ ለምን አላየውም?" ብላ ስለጠየቀችው ነው ይባላል። ፎቶ ቤት አያስፈልግም፣ ማንም ሰው ሳያይባችሁ አንስታችሁ ታያላችሁ። በ1972 የወጣው ኤስኤክስ-70 ደግሞ እንደ መጽሐፍ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ፎቶው ከፊቱ ወጥቶ ዓይናችሁ እያየ ይቀልማል። ነፃነት ነው፣ እውነት ነው።

ግን ያው ፈጣን ፎቶ ሌላም ሥራ ነበረው። ፖላሮይድ አይዲ-2 የሚባል የመታወቂያ ካሜራ ነበር፣ ሁለት ሌንስ ያለው፣ አንዴ ሲጫን ፊት ለፊትና ከጎን ያነሳል። በአፓርታይድ ዘመን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጥቁሮች ሁልጊዜ እንዲይዙት ለሚያስገድደው የይለፍ ደብተር ፎቶ የፖላሮይድ ዕቃ ጥቅም ላይ ውሏል። አስቡት። ከከተማ ከተማ ለመሄድ፣ ሥራ ለመግባት ደብተሩ ይጠየቃል፣ ከሌለ እስር ነው። ለሕዝቡ ፎቶ የሚያነሳው ካሜራ በፍጥነቱ የተመረጠው ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ለመመዝገብ ነው። ማንም ሰው ፈቃዱን አልተጠየቀም።

ይህን ያጋለጡት ሁለት የኩባንያው ሠራተኞች ናቸው። ካሮላይን ሃንተር ኬሚስት ናት፣ ኬን ዊሊያምስ ፎቶ አንሺ ነው፣ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን። በ1970 መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ናሙና አይተው ነው ነገሩን የደረሱበት። ተቃውሞ አደራጁ፣ ሰው ፖላሮይድ እንዳይገዛ ቀሰቀሱ፣ እሷ ከሥራ ተባረረች። ኩባንያው መጀመሪያ ለማባበል ሞከረ፤ በ1977 ግን እዚያ ያለው ወኪሉ ዕቃውን በድብቅ ለመንግሥት እንደሚሸጥ በጋዜጣ ሲጋለጥ ደቡብ አፍሪካን ለቆ ወጣ። ሰባት ዓመት ታገሉ ማለት ነው። የፎቶ ታሪክ ሲጻፍ ከነ ላንድ ስም ቀጥሎ የሃንተርና የዊሊያምስ ስም ሊጻፍ ይገባል፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ካሜራውን ሳይሠሩት ካሜራው ለምን እንደሚውል ጠየቁ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ፣ ካሜራ ሳይሆን ፊልም ነው፣ ግን ያለሱ ካሜራው ምንድን ነው? የድሮ የቤተሰብ የሰርግ አልበም ያላችሁ አውጡና እዩ፣ በተለይ የ1970ዎቹንና የ80ዎቹን ባለ ቀለም። ቬሎው ያበራል። ነጠላው ያበራል። ጠቆር ያለው ሚዜ ግን ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ቀርቷል። ብዙ ሰው ጥፋቱን የፎቶ አንሺው ያደርገዋል። ነገሩ ከዚያ ይርቃል። ኮዳክ ለዓለም ላብራቶሪዎች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይባላል፣ ላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ማሽኑ የሚስተካከለው የሷ ቆዳ ልክ እስኪመጣ ነው። የኛ ቆዳ መለኪያው ውስጥ አልነበረም። ፊልሙ ራሱ ቡናማን በደንብ እንዲለይ ግፊት የመጣው መጀመሪያ ከቸኮላትና ከእንጨት ዕቃ አምራቾች ነው። የቸኮላቱና የቁም ሳጥኑ ማስታወቂያ አላምር አለን ብለው ነው ቅሬታ ያቀረቡት። ጥቁር፣ ነጭና እስያዊት ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ለእናቶቻችን ሰርግ አልደረሰም።

ስለዚህ ጥቁር ሰው በጥቁር ሰው ሲነሳም እንኳን መሣሪያው ውስጥ ሌላ ዓይን ተቀምጦ ነበር። የኛ ፎቶ አንሺዎች ይህን ሳይነገራቸው በእጃቸው ነው የተማሩት። ሙሽራውን ወደ መስኮት ያዞራሉ፣ ፍላሹን ወደ ግድግዳ መልሰው ይተኩሳሉ፣ ፎቶ ቤቱን "ፊቱን አብራልኝ" ብለው ይለምናሉ። ያ ዕውቀት የትም መጽሐፍ ላይ የለም።

ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ ታሪኩ ተመልሶ ኢስትማን ድርጅት ውስጥ ይገባል። በ1975 ስቲቭ ሳሰን የሚባል የ25 ዓመት የኮዳክ መሐንዲስ ሮቸስተር ውስጥ የመጀመሪያውን ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ካሜራ ገጣጠመ። ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ 100 በ100 ነጥብ፣ ማለትም 0.01 ሜጋፒክስል፣ የሚቀረጸውም እኛ ሙዚቃ በምንሰማበት ዓይነት ካሴት ላይ ነው። አንዷን ፎቶ ካሴቱ ላይ ለመጻፍ 23 ሴኮንድ ይፈጃል። ፎቶው የሚታየው በቴሌቪዥን ነበርና፣ አለቆቹ ፎቶን በቴሌቪዥን ማን ማየት ይፈልጋል ብለው ጠየቁት። ከነሱ አንጻር ጥያቄው የሚገርም አይደለም፣ እንጀራቸው ፊልምና ወረቀት ነው። ባለቤትነቱን በ1978 አስመዘገቡ፣ ሐሳቡን ግን ዳር አስቀመጡት። በጥር 2012 ኮዳክ በኪሳራ ፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1997 ፊሊፕ ካን የሚባል ሰው ሚስቱ ስትወልድ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ካሜራና ሞባይል አገናኝቶ የልጁን ፎቶ ለወዳጅ ዘመድ ላከ። በ2000 ጃፓን ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ ተሸጠ። ዛሬ ገጠር ያለች እህቴ የልጆቿን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ ሄጄ እስካነሳቸው አትጠብቅም። ያነሳቻቸውም ከኔ ይበልጣሉ፣ ልጆቹ እሷን ሲያዩ ሌላ ፊት ነው ያላቸው። በኔ መለኪያ ስልኩ ብራውኒ ጎን ይቆማል፣ ምናልባትም ይበልጠዋል፤ አንደኝነቱን ያልሰጠሁት መንገዱን የከፈተው ሳጥኑ ስለሆነ ነው።

ስልኩ የሚያንሰው አንድ ቦታ ነው፣ እሱም መቆየት ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል፣ የዓመታት ፎቶ ባንድ ቀን ይሄዳል። ኔጌቲቭ ግን ከፀሐይ ብርሃን በቀር ምንም ማሽን አይፈልግም። ስለዚህ እናንተን የምጠይቀው ይህን ነው። ቤታችሁ ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር የፎቶ ቤት ፖስታ ካለ ክፈቱት። ፎቶዎቹን ብቻ ወስዳችሁ ቡናማዎቹን ቁራጭ ፊልሞች አትጣሉ፣ ዋናው እነሱ ናቸው። በጠርዛቸው ያዟቸው፣ መሃላቸውን በጣት አትንኩ። ከእርጥበት አርቁ፣ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ በንጹሕ ወረቀት ለያዩአቸው። ነጭ ገጽ የከፈተ ታብሌት ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በስልክ ብታነሱትና ቀለሙን ብትገለብጡት እንኳን ማን እንደሆነ ይታወቃል። ማን መሆኑን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች አጠገባችሁ ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስሙን ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉበት፤ ያነሳውንም ሰው ስም ጨምሩ።